ቃለ ዓዋዲ፦ የሰበካ ጉባኤ ሕግ

ቃለ ዓዋዲ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ነው። የወጣው በ1965 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። ስሙ ግእዝ ሲሆን የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው፤ ወንጌል መጥምቁ ዮሐንስን የጠራበት ቃል ነው። «ሰበካ» ደግሞ ከስብከት የመጣ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምርበትን፣ የሚያጠምቅበትንና የሚቀብርበትን አካባቢ ያመለክታል። ሰዉ አጥቢያ ይለዋል።

ከዚያ በፊት ደብር የሚተዳደረው በአለቃውና በንብረት ጠባቂው በገበዙ፣ የሚኖረውም በመሬቱ ነበር። በ1935 ዓ.ም. የወጣ ደንብ ገቢውን ወደ ማዕከል ለመሰብሰብ ሞክሯል። ምእመኑ ግን ያስቀድሳል፣ ይሰጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሰጠው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅበት ወንበር አልነበረውም።

ቃለ ዓዋዲ ወንበሩን ሰጠው። በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየ3 ዓመቱ ተወካይ ይመርጣሉ። ሰብሳቢው የደብሩ አስተዳዳሪ ነው፤ ምክትሉ ከምእመናን ወገን ይሆናል። ከአጥቢያው በላይ የወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሀገረ ስብከትና ጠቅላይ ቤተ ክህነት አሉ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የየሀገረ ስብከቱ ልዑካን አዲስ አበባ ተሰብስበው ሪፖርት ይሰማሉ።

ደንቡ ገና ሥር ሳይሰድ ደርግ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ተወረሰ። ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። በአምስት ወር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ርስቷንም ኪራይዋንም አጣች። የገጠሩ ቄስ እንደ ጎረቤቱ የገበሬ ማኅበር አባል ሆኖ ማረሱን ቀጠለ። ጧፉ፣ ዕጣኑና ዘቢቡ ግን በየሳምንቱ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ክፍተቱን የሸፈነው የአባላት መዋጮ ነው። ከተሜው ብር፣ ገበሬው አንዳንዴ እህል ያመጣል። አቡነ ቴዎፍሎስ የሚመጣውን አስቀድመው አይተው ነበር የሚሉ አሉ። ይህን ማረጋገጥ ይከብዳል፤ ሰበካ ጉባኤ ባይኖር ኖሮ ግን ብዙ አጥቢያ በሩ እንደሚዘጋ አያጠራጥርም። ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ከመንበር አወረደ፣ በ1971 ገደለ። ያቋቋሙት ጉባኤ በተተኪያቸው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመን እየተስፋፋ ሄደ።

ደንቡ ኋላ ተሻሽሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ1991 ዓ.ም. ማሻሻያ ነው።

በውጭ አገር ነገሩ ይወሳሰባል። አሜሪካ ያለ ቤተ ክርስቲያን በአገሩ ሕግ ተመዝግቦ ቦርድ ይኖረዋል። ሥልጣኑ የቦርዱ ነው ወይስ የቃለ ዓዋዲ የሚለው ክርክር ብዙ ደብር አስኮርፏል፣ በየትኛውም ሲኖዶስ ሥር ሳይሆኑ «ገለልተኛ» የተባሉም አሉ። በ2010 ዓ.ም. የአገር ቤቱና የስደቱ ሁለቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁም ይህ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

አጥቢያው ውስጥ ሲታይ ሕጉ በጣም ተራ ነገር ነው። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይሆንም። ከካህናትም ከምእመናንም የተመረጡ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ድፍን ብሩን ለብቻ፣ ሳንቲሙን ለብቻ ይቆጥራሉ፤ ቃለ ጉባኤ ይፈርማሉ፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ከዐውደ ምሕረት «የሰበካ ጉባኤ ያልከፈላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ይነገራል። ሰዉ ጫማውን እየፈለገ ሰምቶ እንዳልሰማ ይወጣል። ቤት ውስጥ ሰው ሲያርፍ ግን ለፍትሐትና ለመቃብር ቦታው መጀመሪያ የሚጠየቀው ያች የአባልነት ካርድ ናት። ያኔ መሳቢያው ሁሉ ይገለበጣል።