«ልጁ ስለሆነ ነው»፦ ስለ አዮዋ የማጥቃት ችግር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሴፕቴምበር 3 ቀን 2022 ነው (ቀኑም ዓመቱም እዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ ሆክአይስ፣ በሜዳው ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 7 ለ 3 አሸነፈ። ውጤቱን ብቻ የሰማ ሰው አንድ ተችዳውን (ኳሱን ይዞ ተጋጣሚ ጎል ክልል በመግባት የሚቆጠር ትልቁ ነጥብ) ከነትርፍ ነጥቧ የገባች ይመስለዋል። አልገባችም። 3ቱ ነጥብ በእግር ከተመታች ፊልድ ጎል ነው የመጣው። የቀሩት 4ቱ፣ ተከላካዮቹ ተጋጣሚያቸውን ሁለት ጊዜ በገዛ ክልሉ ውስጥ በመጣላቸው የተገኙ ሁለት ሴፍቲዎች ናቸው። አጥቂው ክፍል ቀኑን ሙሉ አንዴም ተችዳውን ሳያስቆጥር ዋለ። ደጋፊው ያሸነፈውን የራሱን ቡድን በጩኸት ተቃወመ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ነገር ልበል። በአሜሪካን ፉትቦል የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ተጫዋቾች የተለያዩ ናቸው፤ ኳስ ሲቀየር አንዱ ክፍል ወጥቶ ሌላው ይገባል። ለማጥቃት የራሱ አሰልጣኝ አለ፣ ለመከላከልም እንዲሁ፤ ዋናው አሰልጣኝ ከሁሉም በላይ ነው። አጥቂው ክፍል 10 ያርድ (9 ሜትር ያህል) ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በሦስቱ ካልተሳካለት፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን በእግሩ አርቆ መትቶ ለተጋጣሚ ይለቃል። ይህ ምት ፐንት ይባላል። በአዮዋ ዋናው አሰልጣኝ ከ1999 ጀምሮ ከርክ ፌረንዝ ነው። ከ2017 እስከ 2023 የማጥቃቱ አሰልጣኝ የነበረው ደግሞ ልጁ ብራያን ፌረንዝ ነው።

በእነዚያ የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ስለዚህ ቡድን ያልተባለ ነገር የለም። ከተባለው ውስጥ ግን ስህተቱ ብዙ ነው። ደጋፊውን የሚነቅፉትም፣ ደጋፊው ራሱም ተሳስተዋል።

«ቡድኑ እያሸነፈ ደጋፊው ምን ያማርራል?»

ይህን የሚሉት የ2023ን ሠንጠረዥ ያሳያሉ፦ 10 ድል፣ 4 ሽንፈት፣ የምድብ አንደኝነት። እውነት ነው። እኔ ግን ሌላ ሂሳብ አሳያለሁ። በ14 ጨዋታ አዮዋ ያስቆጠረው 216 ነጥብ፣ የተቆጠረበት 207 ነው። ዓመቱን ሙሉ ተለፍቶ የተረፈው 9 ነጥብ ብቻ። በፔን ስቴት 31 ለ 0፣ አዮዋ በሚጫወትበት ሊግ በቢግ ቴን የዋንጫ ጨዋታ በሚሺጋን 26 ለ 0፣ ከወቅቱ በኋላ በሚደረገው ሲትረስ ቦውል በቴነሲ 35 ለ 0 ተሸነፈ። በሦስቱ ትልልቅ ቀናት ድምር ውጤቱ 92 ለ 0 ማለት ነው።

ደጋፊውን ያንገበገበው ሽንፈቱ ብቻ አይደለም። ተከላካዩ ክፍል በአገሪቱ ካሉት ምርጦች አንዱ ነበር። የመከላከሉ አሰልጣኝ ፊል ፓርከር በ2023 የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ ተብሎ የብሮይልስ ሽልማትን ወስዷል። በ2022 የምርጥ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ሽልማት የሆነውን በትከስ የወሰደው ጃክ ካምቤል ደግሞ እዚያው አዮዋ ክፍለ ሀገር ያደገ ልጅ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በአንድ ጊዜ ተሰባስበው ሲመጡ እያየ፣ አጥቂው ክፍል ግን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲሆን ደጋፊው ዝም ቢል ነበር የሚገርመው። ማማረሩ ተገቢ ነበር።

«አጥቂው ክፍል በጨዋታ 25 ነጥብ እንዲያስቆጥር በውል ታስሯል»

በ2022 አዮዋ በአማካይ 17.7 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ። በጨዋታ 251.6 ያርድ በመግፋት ከ131 ቡድኖች 130ኛ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2023 የብራያን ውል ተሻሻለ፦ ደመወዙ ከ900,000 ወደ 850,000 ዶላር ዝቅ አለ፤ ቡድኑ በአማካይ ቢያንስ 25 ነጥብ ካላስቆጠረና 7 ጨዋታ ካላሸነፈ ውሉ በጁን 2024 ያበቃል ተባለ። 25 ያኔ በታሰቡት 13 ጨዋታዎች ሲባዛ 325 ይመጣል። ያች 325 የአገሩ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነች፤ ከየጨዋታው በኋላ ስንት ቀረው እየተባለ ተቆጠረላት።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ውሉ «አጥቂው ክፍል» የማይል መሆኑን ነው። የሚቆጠረው የቡድኑ ነጥብ በሙሉ ነበር። ተከላካይ ኳስ ነጥቆ ሮጦ ቢያስቆጥር ለብራያን ይታሰብለታል፤ ፐንት የተቀበለ ልጅ መልሶ ይዞ ገብቶ ቢያስቆጥርም እንዲሁ። በ2022 በኦሃዮ ስቴት 54 ለ 10 ሲሸነፉ የአዮዋ ብቸኛ ተችዳውን የመጣው ከተከላካይ ነበር። በአዲሱ ውል ያች ተችዳውን የማጥቃት አሰልጣኙ ውጤት ሆና ትመዘገብ ነበር ማለት ነው።

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ውል ነው፤ ከየትኛውም የሜዳ ላይ ውሳኔ ይብሳል። አንድን አሰልጣኝ በሌላው ሥራ መመዘን ፍትሕ አይደለም፤ ለሚመዘነውም አይጠቅምም። ማሻሻል ያለበት ኳሱን በሚወረውረው ኳርተርባክና እሱን በሚከላከልለት የፊት መስመር መካከል ያለው ቅንጅት ሆኖ ሳለ፣ የሚሊዮኖች ዓይን በአንድ ቁጥር ላይ ተተከለ። ዝቅ ካለው 50,000 ዶላር ይልቅ ሰውየው ለአንድ ዓመት ሙሉ በአደባባይ መቆጠሩ ነው የሚከብደው።

«325ን ስላልሞላ ተባረረ»

አይደለም። ማብቃቱ የተነገረው ኦክቶበር 30 ቀን 2023፣ ዓመቱ ሳያልቅ ነው። ቡድኑ 6 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ነበር፤ በመደበኛው መርሐ ግብር ብቻ ገና አራት ጨዋታ ይቀረው ነበር። ከዘጠኝ ቀን በፊት በሜዳው በሚኒሶታ 12 ለ 10 ተሸንፏል። ውሳኔውን ያሳወቀችው በወቅቱ ተጠባባቂ የስፖርት ዳይሬክተር የነበረችው ቤዝ ጌትስ ናት፦ ብራያን ዓመቱን ይጨርሳል፣ ለሚቀጥለው ግን አይመለስም። እስከ ሲትረስ ቦውል ድረስም በሥራው ላይ ቆየ። ቆጠራው ሳይጠናቀቅ ነው ነገሩ ያለቀው።

«ልጁ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ይህኛው ለማረም ከባድ ነው።

ብራያን ከየትም ተነስቶ አባቱ ያስቀመጠው ሰው አይደለም። ወደ አዮዋ በ2012 ከመምጣቱ በፊት በፕሮፌሽናሉ ቡድን በኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ሠርቷል፤ በመጨረሻም የታይት ኤንዶች (ከፊት መስመሩ ጎን ቆመው የሚመክቱም ኳስ የሚቀበሉም ተጫዋቾች) አሰልጣኝ ነበር። በአዮዋ መጀመሪያ የያዘው የፊት መስመሩን ነበር። የማጥቃቱን ሥራ በተረከበበት በ2017፣ አዮዋ ኦሃዮ ስቴትን 55 ለ 24 ረታ። ያንን ምሽት ያየ ደጋፊ እስካሁን ሲያወራው ዓይኑ ይበራል። በ2019 ደግሞ ሁለት የአዮዋ ታይት ኤንዶች፣ ቲ ጄ ሆከንሰንና ኖዋ ፋንት፣ በአንድ ድራፍት (ፕሮፌሽናል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት) በመጀመሪያው ዙር ተመርጠዋል። ሥራውን ጨርሶ አያውቅም ማለት ሐሰት ነው።

የዝምድናው ጉዳይ ግን የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ዘመድ ዘመዱን እንዳያስተዳድር የሚከለክል ደንብ ስላለው፣ ብራያን በወረቀት አለቃው አባቱ ሳይሆን የስፖርት ዳይሬክተሩ ጋሪ ባርታ ነበር። በተግባር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚያየው፣ በየሳምንቱ ዕቅዱን የሚያጸድቀው ዋናው አሰልጣኝ ሊገመግመው አይችልም፤ የሚገመግመው የሥራ ሒደቱን ከቢሮ የሚያይ ሰው ነው። ሌላ ረዳት አሰልጣኝ በ130ኛ ደረጃ ዓመት ቢጨርስ አለቃው ጠርቶ ያነጋግረዋል፣ ምናልባትም ያሰናብተዋል። እዚህ ግን ያንን ሥልጣን ለአባት መስጠት አይቻልም፣ ለሌላ መስጠትም አይሠራም። ያ የ325 ውል የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው መገምገም ሲያቅት ቁጥር ይገምግምልን ተባለ።

ደጋፊው ብዙም ያልተናገረው ሌላ ነገር አለ። ጥንቃቄ የበዛበት የማጥቃት ስልት የልጁ ፈጠራ አልነበረም። ኳስ አትጣ፣ ሩጫን አስቀድም፣ ካልሆነ ፐንት ምታ፣ ተከላካዩ ያሸንፍልሃል የሚለው እምነት የአባትየው ነው፤ ብራያን ሥራውን ከመያዙ በፊትም ነበር። «ልጁን አንሱልን» የሚለው ጩኸት ዋናውን ጥያቄ፣ ከርክ ምን ዓይነት ጨዋታ ይፈልጋል የሚለውን፣ ሸፍኖት ኖረ።

«ችግሩ ጥሪው ነው፤ እኔ ብጠራ እንኳ ይሻላል»

ከመቀመጫ ላይ የሚታየው ሦስተኛ ሙከራ ላይ 8 ያርድ ሲቀር 4 ያርድ ላይ የምትወረወር ኳስ ናት። ያናድዳል። ግን ጥሪ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ሙከራ ምን እንደሚጫወቱ መምረጥ፣ የሥራው መጨረሻ ነው። የፊት መስመሩ አምስት ልጆች ለሦስት ሰከንድ ያህል ካልመከቱ ኳርተርባኩ ረጅም ኳስ አይጠብቅም፤ ካልጠበቀ አጭር ይወረውራል፤ ተጋጣሚ ያንን ሲያውቅ ተከላካዩን ወደ ፊት ያጠጋል፤ ያኔ ሩጫውም ይዘጋል። አንዱ ክር ሲላላ ጨርቁ በሙሉ ይተረተራል።

በ2023 ደግሞ ክሩ ከብዙ ቦታ ተበጠሰ። ኳርተርባኩ ኬድ ማክናማራ ሴፕቴምበር 30 ቀን ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱ አበቃ። ምርጥ ታይት ኤንዶቹ ሉክ ላሺና ኤሪክ ኦልም ተጎድተው ወጡ። በማክናማራ ቦታ የገባው ዲከን ሂል ከወረወራቸው ኳሶች ግማሹን እንኳ አላሳካም። ይህን ልጅ በየጨዋታው በጩኸት መግፋት ያሳፍራል። ተጠባባቂ ሆኖ መጥቶ ባልጠበቀው ቀን የገባ ተማሪ ነው፤ ለዕቅዱ ጉድለት ተጠያቂው እሱ አይደለም።

ጉዳት ብቻ ነው የሚል ካለ ግን የቻርሊ ጆንስን ታሪክ ያስታውስ። በ2021 ለአዮዋ በዓመቱ 21 ኳስ ተቀብሎ 323 ያርድ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ፐርዱ ተዛወረ፤ እዚያ 110 ኳስ ተቀብሎ 1,361 ያርድና 12 ተችዳውን አስመዘገበ። ያው ሰው፣ ያው እግር፣ ያው እጅ። የተቀየረው የሚጫወትበት ስልት ነው። ስለዚህ ደጋፊው «ጥሪው ነው» ሲል ቃሉን ቢስትም ስሜቱ ትክክል ነበር፤ ያጣው ነገር ከአንድ ጥሪ የሚሰፋ፣ ኳስ ተቀባይ የማያበቅል ሥርዓት ነው።

«ፐንት የሽንፈት ምልክት ነው»

ለአብዛኛው ቡድን ልክ ነው። ለአዮዋ ግን ፐንት መሣሪያ ነበር። ከሜልበርን፣ አውስትራሊያ የመጣው ቶሪ ቴይለር በ2023 በአጠቃላይ 4,479 ያርድ ፐንት መትቶ ከ1938 ጀምሮ የቆየውን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የሬይ ጋይ ሽልማትንም ወሰደ። በአማካይ ከ48 ያርድ በላይ ይመታ ነበር። ተጋጣሚ በራሱ ጎል አፍ ላይ ታፍኖ ሲጀምር፣ ከፊቱ ያ ተከላካይ ሲቆምበት፣ ስህተት ይሠራል። ኖርዝዌስተርንን 10 ለ 7፣ ነብራስካን 13 ለ 10 ያሸነፉት እንዲህ ነው። እርግጥ ነው፣ ክብረ ወሰኑ የተሰበረበት አንዱ ምክንያት ልጁ ያን ያህል ጊዜ እንዲመታ መገደዱ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው።

«ሰውየውን ቀይሩና ሁሉም ይስተካከላል»

በ2024 በብራያን ቦታ ቲም ሌስተር ገባ። ሯጩ ኬሌብ ጆንሰን 1,537 ያርድ ሮጦ 21 ተችዳውን በሩጫ አስቆጠረ። ቡድኑ በ13 ጨዋታ 360 ነጥብ አገኘ፤ በአማካይ 27.7። ያች 325 በመጀመሪያው ዓመት ታለፈች። ከ2023ቱ አማካይ 15.4 ወደ 27.7 መውጣት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ደጋፊው ለውጥ ይቻላል ማለቱ በዚህ ተረጋግጧል።

ድሉ ግን ከ10 ወደ 8 ወረደ። አንድ እጅ አያጨበጭብም እንደሚባለው፣ አጥቂው ሲነሳ ሌላው በነበረበት አልቆየም፤ በአንድ ነጥብ ለአዮዋ ስቴት፣ በሦስት በሦስት ነጥብ ለዩሲኤልኤና ለሚዙሪ ተሸነፉ። እኔ ግን እንዲህ ያለውን 8 ከዚያኛው 10 አብልጬ እወዳለሁ። ቢያንስ ኳሱ ወደ ፊት ይሄዳል።

«የተማረረ ደጋፊ ቤቱ ይቀራል»

አልቀረም። በዚያው በ2023 የአዮዋ ሜዳ የሆነው የኪኒክ ስታዲየም 69,250 መቀመጫ ተሽጦ አልቋል። የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ከስታዲየሙ አጠገብ ወዳለው የሕፃናት ሆስፒታል ይዞራሉ፤ በመስኮት የሚያዩ ሕመምተኛ ልጆች አሉ፣ ሕዝቡ በሙሉ እጁን አንስቶ ያውለበልብላቸዋል። ከ2017 ጀምሮ እንዲህ ነው። ከዚያ ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛ ሙከራ ላይ ሌላ 4 ያርድ ትወረወራለች፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ።