ሳይቴሽን ፊልም አያነብም

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ዓርብ ቡና ላይ ነው። ደሴ ሙጋድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት የሆድ ሲቲ ስካናቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ፊልሙን ገና ወደ መስኮቱ ሳነሳ የልጅ ልጃቸው ስልኩን አቀበለኝ። «ዶክተር፣ አይቀየሙኝና፣ ጎግል ስኮላር ላይ አንድ የአዲስ አበባ ሐኪም አገኘን። ከ5 ሺህ በላይ ሳይቴሽን አለው። ለሱ ብናሳየው አይሻልም?»

ቅያሜስ የለብኝም፤ ግን ይህን ወሬ ከሬዚደንቶችም (ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚማሩት ሐኪሞች)፣ ከአስተዳደር ሰዎችም፣ አሁን ደግሞ ከቡና ላይ እየሰማሁ ሰልችቶኛል። ሳይቴሽን ማለት ሌላ ጸሐፊ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ያንተን ጽሑፍ መጥቀሱ ነው። ጎግል ስኮላር የሚባለው ድረ ገጽም የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። በቃ። የሚሉኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሳይቴሽኑ የበዛ ሐኪም ይበልጣል»

ፊልም ማንበብ የሚለመደው ብዙ ፊልም በማየትና ቀዶ ሐኪሙ ከፍቶ ያገኘውን ተመልሶ ከራስ ሪፖርት ጋር በማመሳከር ነው። ይህን የሚቆጥር ድረ ገጽ የለም።

ደግሞስ 5 ሺው ከየት መጣ? የልጁን ስልክ ይዤ ወደ ታች ወረድ ወረድ አልኩ። አብዛኛው የሁለት ጽሑፎች ነው፤ ሁለቱም «ግሎባል በርደን ኦፍ ዲዚዝ» የሚባለው ጥናት ውጤቶች። የዓለምን የበሽታ ጫና የሚያሰላ፣ ሲያትል ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቋም የሚመራ ሥራ ነው። ላንሴት በሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ሲወጣ የጸሐፊዎቹ ስም በመቶዎች ይቆጠራል፣ ከኢትዮጵያም ብዙ ሰው አለበት። ጥናቱ ትልቅ ነው፣ የተሳተፈም ይኩራበት። ነገር ግን ሳይቴሽኑ ለተሳታፊዎቹ አይካፈልም፤ ለእያንዳንዱ ሙሉው ይጻፍለታል። ሠርግ ቤት ሽንኩርት የከተፈችውም፣ ወጡን የሠራችውም፣ ድስት ያዋሰችውም እኩል «ደጋሽ» ተብለው እንደመመዝገብ ነው።

አንድ ጊዜ የቅጥር ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቆይ። አንዷ አመልካች የደረት ራጅና የቲቢ ሕሙማንን አስመልክታ ራሷ መረጃ ሰብስባ፣ ራሷ ጽፋ ያወጣቻቸው 6 ጽሑፎች ነበሯት፤ ሳይቴሽኗ 60 አይሞላም። ሌላው ሺዎች ነበሩት። ከመቶዎቹ ስሞች አንዱ በሆነበት ጽሑፍ ውስጥ ምን እንደሠራ ጠየቅሁት። «ዳታ ሰጥቻለሁ» አለ። የምን ዳታ? አላስታወሰም። የተቀጠረው እሱ ነው።

የጽሑፉ ዓይነትም ቁጥሩን ይለውጠዋል። የሌሎችን ጥናቶች ሰብስቦ የሚገመግም ጽሑፍ ብዙ ይጠቀሳል፣ የአንድ ታካሚ ኬዝ ሪፖርት ግን ጥቂት ነው የሚጠቀሰው። ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የጻፈ ሰው ብዙ አጫዋች አለው፤ ወሎ ውስጥ ስለሚገኝ የጉበት ኪስት የጻፈ ማን ይጥቀሰው? የታካሚው ታሪክ ያልተጻፈበት የራጅ ማዘዣ ሲላክልን እንበሳጫለን፣ ታሪክ የሌለውን የሳይቴሽን ቁጥር ግን ዝም ብለን እንቀበላለን።

«ኤች ኢንዴክስ ግን አይዋሽም»

ይህን መለኪያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ኤች ኢንዴክስህ 10 ነው ማለት ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉህ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከጽሑፎችህ ብዛት ሊበልጥ አይችልም። ኅዳር 8፣ 1895 በፈረንጆች አቆጣጠር ኤክስሬይን ያገኘው ሮንትገን በነገሩ ላይ የጻፈው 3 ጽሑፍ ብቻ ነው። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ወሰደ። በእነዚያ 3 ጽሑፎች ብቻ ዛሬ ብንመዝነው ከ3 አያልፍም፤ ለዕድገት ቢያመለክት ፋይሉ ይመለስበት ነበር።

«ተጠቀሰ ማለት ተመሰገነ ነው»

እንግሊዛዊው ሐኪም ዌክፊልድ በፈረንጆቹ 1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘበት ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል። እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ብዙዎቹ ስህተቱን ለማሳየት ነው፤ ቆጣሪው ግን ስድብና ምስጋና አይለይም።

«ኢምፓክት ፋክተሩ 8 ነው»

ይህ ቁጥር አንድ ጆርናል ላይ የወጡ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ ነው የሚያሳየው። የጆርናሉ ነው፣ ያንተ አይደለም።

«ስኮፐስና ጎግል ስኮላር ካልተስማሙ አንዱ ተጭበርብሯል»

ጎግል የመመረቂያ ጽሑፍም ያገኘውን ሌላም ይቆጥራል፤ ስኮፐስ የሚባለው የጽሑፎች ማውጫ ግን መርጦ ይቆጥራል።

«በስሜ ከወጣ የኔ ነው»

የእኛ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። የውጭ ጆርናል ግን የመጨረሻውን ስም ነው የሚይዘው፤ በገዛ ጽሑፌ የምጠቀሰው አባቴን ሆኜ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ስንት ሰይድ፣ ስንት አህመድ፣ ስንት ይማም አለ? በላቲን ፊደልም አንዱን ስም ሦስት ዓይነት እንጽፈዋለን። የአንዱ ሥራ ሦስት ቦታ ይበተናል፣ የሦስቱ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ይከመራል። እኔ ገጽ ላይ ለሁለት ዓመት የስንዴ ዋግ ጥናት ተቀምጦ ነበር፣ ሬዚደንቶቼም «ዶክተር ግብርናም ያውቃሉ» ይሉኝ ነበር።

ስለዚህ ልጆች፣ የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ አውጡ። ነፃ ነው። የስማችሁን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስኑና ፓስፖርታችሁ ላይም፣ ጽሑፋችሁ ላይም እሱን ብቻ ተጠቀሙ። የጎግል ገጻችሁን በየስድስት ወሩ ከፍታችሁ ያልጻፋችሁትን አውጡ፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ቢያምም።

የአዛውንቱን ሲቲ አነበብኩት። ግራ ኩላሊታቸው ላይ 6 ሚሊሜትር ጠጠር አለ፤ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ «ያንተስ ስንት ነው ልጄ፣ ያ ቁጥር?» አሉኝ።

«ኤች ኢንዴክሴ 7 ነው አባባ።»

የልጅ ልጃቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አብሽር፣ አላህ ይጨምርልሃል» አሉና ቡናውን አስደገሙልኝ።