ሪል ኤል፦ የእንግሊዝ የበርሜል ቢራና የሚቀዳባቸው መጠጥ ቤቶች

ሪል ኤል በብሪታንያ፣ በተለይም በእንግሊዝ፣ የሚጠመቅ የቢራ ዓይነት ነው። ከጠመቃ ቤቱ ሲወጣ እርሾው አብሮት ይወጣል፤ በሚቀዳበት በርሜል ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላል፤ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውም ከውጭ በመጣ ጋዝ ሳይገፋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ድራፍት» ተብሎ የሚታወቀው ቢራ ፋብሪካው ውስጥ ተጣርቶና ያለቀለት ሆኖ በብረት በርሜል ከታሸገ በኋላ በጋዝ ግፊት የሚቀዳ በመሆኑ፣ ቧንቧው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ የትም ቢጠጣ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ሪል ኤል ግን ሳያልቅ የሚሸጥ መጠጥ ነው፤ ጠማቂው ጀምሮ ይልከዋል፣ መጠጥ ቤቱ ይጨርሰዋል። እንግሊዛውያን የሚወዱትን ኤል ሲጠሩ የሚቀዳበትን ቤት አብረው የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኤል» የሚለው ቃል ትርጉሙ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ኤል ማለት ከገብስ ብቅል፣ ከውሃና ከእርሾ የሚጠመቅ፣ ሆፕ የማይገባበት መጠጥ ነበር። በእኛ አገር የጌሾን ሥራ የሚሠራው ይህ መራራ አበባ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከባሕር ማዶ፣ ከፍላንደርስና ከሆላንድ አካባቢ፣ ሲስፋፋ «ቢራ» የተባለው እሱ የገባበት አዲሱ መጠጥ ነው። ዛሬ ኤል ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ማለት ይቻላል ሆፕ ስለሚገባበት፣ የጥንቱ ጠጪ ቢነሣ «ይህማ ኤል አይደለም» ባለ ነበር። በዚያ ዘመን የሚጠምቁት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ጥንስሱ ደርሶ ለመጠጥ ሲበቃ በደጃቸው ረጅም እንጨት፣ አንዳንዴም ጫፉ ላይ ቅጠል የታሰረበት፣ ያወጡ ነበር። በደጁ እንጨት ተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ የደፋ ጠላ ቤት ሲያይ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አይደለም።

የሪል ኤል ዋናው ሥራ የሚሠራው ከመጠጥ ቤቱ ወለል በታች ባለው ምድር ቤት ነው። ጠማቂው በርሜሉን ሲሞላ ጥቂት እርሾና ያልተብላላ ስኳር ይተውበታል፤ ብዙ ጊዜም ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ አይዚንግላስ የተባለ ማጥሪያ ይጨምርበታል፤ ይህም እርሾውን ሰብስቦ እንደ አተላ ወደ ታች ያወርደዋል። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የማይወስዱ ጠጪዎች ስለሚቃወሙት፣ ያለ ዓሣ የሚያጠሩ ወይም ጉሹን እንዳለ የሚሸጡ ጠማቂዎችም አሉ። በብዛት የሚሠራበት በርሜል ፈርኪን የሚባለው ሲሆን 9 ጋሎን፣ ማለትም 41 ሊትር ያህል ወይም 72 ፓይንት ይይዛል፤ አንዱ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። የፈርኪን ግማሽ ፒን፣ እጥፉ ኪልደርኪን ይባላል።

በርሜሉ መጠጥ ቤቱ ሲደርስ መደርደሪያው ላይ በጎኑ ተጋድሞ እንዳይንቀሳቀስ ይደገፋል። ከዚያ በሆዱ አናት ላይ ባለው ውታፍ መካከል ቀጭን የለስላሳ እንጨት ሽብልቅ ይመታበታል። ውስጡ ታፍኖ የከረመው ጋዝ በእንጨቱ ቀዳዳዎች በኩል እየተነፈሰ ሲወጣ ነጭ አረፋ በሽብልቁ ዙሪያ ይገነፍላል፤ የምድር ቤቱ ኀላፊ አረፋውን በጨርቅ ይጠርግና ተመልሶ እስኪመጣ የሚወስደውን ጊዜ እያየ መብላላቱ መብረዱን ያውቃል። ሲበርድ ለስላሳው ሽብልቅ ወጥቶ አየር በማያሳልፍ ጠንካራ እንጨት ይተካል፤ የቀረው ጋዝም ቢራው ውስጥ ይቆያል። መቅጃው የሚገባው በበርሜሉ ፊት፣ በግርጌ በኩል ባለው ሌላ ውታፍ ላይ በመዶሻ ተመትቶ ነው፤ ምቱ አንድና ቆራጥ መሆን አለበት፣ እጁ ያመነታ ሰው በቢራ ይታጠባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢራው እስኪጠራ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጠበቃል፤ ከዚያም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቁ አሉ።

የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ይፈለጋል። «እንግሊዞች ቢራ ሞቅ አድርገው ይጠጣሉ» የሚለው ሐሜት የመጣው ከዚሁ ነው፤ ቢራው ቀዝቃዛ ነው፣ በረዶ አይደለም እንጂ። በጣም ሲቀዘቅዝ የብቅሉና የሆፑ ጣዕም ስለሚደበቅ ይህ ልክ በዘፈቀደ የተገኘ አይደለም። ቢራውን ከምድር ቤት ወደ ባንኮኒ የሚያወጣው የእጅ ፓምፕ ሲሆን፣ ጆሴፍ ብራማ የተባለው መሐንዲስ በ1797 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት መሣሪያ ወዲህ በመሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። በሰሜን እንግሊዝ በፓምፑ አፍ ላይ ስፓርክለር የሚባል ትንሽ ወንፊት ይገጠምና ቢራው ወፍራም አረፋ ይዞ ይወርዳል፤ የደቡብ ሰዎች ይህን መዓዛ አጥፊ ይሉታል፣ ሰሜኖቹ ደግሞ አረፋ የሌለውን የደቡብ ብርጭቆ የሞተ ውሃ ይሉታል። ክርክሩ መቼም የሚያልቅ አይመስልም።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ቢራው በተቀዳ ቁጥር በቦታው አየር ይገባል፤ አየር የገባበት ኤል ደግሞ በሦስት ቀን ገደማ መኮምጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ ጥሩ ሪል ኤል የሚገኘው ጠጪ በማይጠፋበት ቤት ብቻ ነው፤ አንድ ባለቤት ቀርፋፋ ገበያ ይዞ አሥር ፓምፕ ከሰደረ፣ ቢያንስ ከፊሉ ሆምጣጤ ለመሆን መንገድ ላይ ነው።

ይህ አድካሚነት ነው በ1960ዎቹ ቢራውን ለመጥፋት ያቃረበው። በየከተማው የነበሩት ጠማቂዎች እየተገዙ «ስድስቱ ታላላቅ» በተባሉት ኩባንያዎች እጅ ሲገቡ፣ ተጣርቶና ጀርሙ በሙቀት ተገድሎ በጋዝ የሚገፋው የብረት በርሜል ቢራ ለነሱ ምቹ ሆነ፦ አይበላሽም፣ ሙያተኛ አይፈልግም፣ ከአንድ ፋብሪካ ለመላ አገሪቱ ይዳረሳል። የዋትኒ ኩባንያ ሬድ ባረል የዚያ ዘመን መለያ ሆኖ ቀርቷል። በ1971 ከሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የመጡ አራት ወጣቶች፣ ማይክል ሃርድማን፣ ግራሃም ሊስ፣ ቢል ሜለርና ጂም ሜኪን፣ በአየርላንድ ምዕራባዊ ጫፍ በደንኩዊን መንደር ለዕረፍት ሳሉ የበርሜሉን ኤል ለመታደግ ካምራ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። «ሪል ኤል» የሚለው ስያሜ በአደባባይ የታወቀው በዚህ ማኅበር ነው፤ ከ1974 ጀምሮም በየዓመቱ የመጠጥ ቤቶች መመሪያ ያወጣል። ካምራ በአቋሙ ግትር በመሆኑ ይወቀሳል፣ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አይደለም፦ በርሜሉን ከአየር ለመከላከል ያለ ግፊት ጥቂት ጋዝ የሚያስገባውን ካስክ ብሪዘር የተባለ መሣሪያ መቃወሙን ያቆመው በ2018 ነው። ያም ሆኖ ማኅበሩ ባይነሣ ኖሮ ይህ ጽሑፍ በኃላፊ ጊዜ ግሥ በተጻፈ ነበር።

ቢራና ቤትን የሚያስተሳስረው ሌላው ገመድ ባለቤትነት ነው። ከጥንት ጀምሮ ብዙ መጠጥ ቤቶች የጠማቂዎች ንብረት ስለነበሩ የሚሸጡት የጌታቸውን ቢራ ብቻ ነበር። በ1989 መንግሥት ከ2,000 በላይ መጠጥ ቤት የያዙ ጠማቂዎች ይዞታቸውን እንዲያላሉና ተከራዮቻቸው አንድ የእንግዳ በርሜል ቢራ እንዲሸጡ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። ኩባንያዎቹ ግን ቤቶቹን ጠመቃ ለሌላቸው ትላልቅ አከራይ ድርጅቶች ሸጡ፤ ጠጪው አንዱን ጌታ በሌላ ለወጠ።

የዚህ ትስስር ጉልበት በጉልህ የታየው በሳሴክስ፣ በሉዊስ ከተማ ነው። ከተማዋ በ1790 የተመሠረተው የሃርቪስ ጠመቃ ቤት መኖሪያ ናት። የሃርቪስ ሳሴክስ ቤስት 4 በመቶ አልኮል ያለው ቡናማ ቢተር (መረር ያለ የእንግሊዝ ኤል) ሲሆን፣ እርሾው በ1957 ከዮርክሻየር ከጆን ስሚዝ ጠመቃ የተወሰደው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከጥንስስ ወደ ጥንስስ እየተላለፈ ኖሯል። ከጎረቤት እርሾ ተውሶ ግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ማቆየት ማለት ነው። በ2006 መጨረሻ ሉዊስ አርምስ የተባለው መጠጥ ቤት ባለቤት የሆነው ግሪን ኪንግ፣ ራሱ ጠማቂ በመሆኑ፣ የሃርቪስን ቢራ ከባንኮኒው አነሣ። ደንበኞቹ ፊርማ አሰባስበው ሰሚ ሲያጡ ወደ ቤቱ መግባት አቆሙ፤ በክረምቱ ብርድ ደጁ ላይ ቆመው የሚመጣውን ሰው «አትግባ» ይሉ ነበር። እገዳው 133 ቀን ቆየ፤ በሚያዝያ 2007 ኩባንያው ተሸንፎ ቢራውን መለሰ። ጠጪዎቹ ያንኑ ቢራ ጥቂት እርምጃ ሄደው ሌላ ቤት ሊያገኙት ይችሉ ነበር፤ የፈለጉት ግን እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

በለንደን ተመሳሳይ ቦታ የያዘው በቺዝዊክ፣ ከቴምዝ ወንዝ አጠገብ የሚጠመቀው የፉለርስ ቢራ ነው። ለንደን ፕራይድና ከሱ የሚበረታው ኢ.ኤስ.ቢ. የሚገኙት ከአንድ ብቅል ነው፤ የመጀመሪያው ጭማቂ ጠንካራ፣ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ሁለተኛው ቀጭን ይሆንና ሁለቱ በተለያየ መጠን ይቀላቀላሉ። ጠላ ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውሃ ጨምራ ቅራሪ የምታወጣ እናት ይህን ብልሃት ማንም ሊያስተምራት አይችልም። የጠመቃው ሥራ በ2019 ለጃፓኑ አሳሂ ሲሸጥ መጠጥ ቤቶቹ በፉለርስ እጅ ቀሩ፤ ከነዚህም አንዱ ግድግዳው በአበባ ቅርጫት የተሸፈነው የኬንሲንግተኑ ቸርችል አርምስ ነው። ጎብኚ ይበዛበታል፣ ስለዚህም በርሜሉ አያረጅም።

ወደ ሰሜን በዮርክሻየር ኪዝሊ ከተማ ቲሞቲ ቴይለር ከ1858 ጀምሮ ይጠምቃል። ላንድሎርድ የተባለው 4.3 በመቶ ኤሉ ጎልደን ፕሮሚስ ከሚባል ገብስ ብቅል የሚሠራ ሲሆን፣ የካምራን የብሪታንያ ምርጥ ቢራ ሽልማት አራት ጊዜ አሸንፏል። ምድር ቤት ውስጥ ረጅም ዕረፍት ከሚፈልጉት አንዱ በመሆኑ በችኮላ የተከፈተ ላንድሎርድ ስሙን አይመስልም፤ ሙያውን በሚያውቁት፣ ለምሳሌ በዚያው በኪዝሊ በቦልትሜከርስ አርምስ፣ የጠጣው ሰው ዝናው ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

በርተን አፖን ትሬንት የሚነሣው በውሃው ነው። የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ጂፕሰም የበዛበት በመሆኑ የሆፕን ምሬት ያጎላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም የኤል መዲና ያደረጋትም ይኸው ነው። የከተማዋ ጠማቂ የባስ መለያ የሆነው ቀይ ሦስት ማዕዘን በ1876 የብሪታንያ የመጀመሪያው የተመዘገበ የንግድ ምልክት ሆነ። ኩፐርስ ታቨርን በተባለው ቤት ባስ ያለ ፓምፕ፣ በቀጥታ ከበርሜሉ ይቀዳል። ሌላው የበርተን ጠማቂ ማርስተንስ ደግሞ በተያያዙ የእንጨት በርሜሎች የማብላላቱን የበርተን ዩኒየን ዘዴ ይዞ ቆይቶ በ2024 ሲተወው፣ አንዱ ስብስብ በደርቢሻየር ወደሚገኘው ቶርንብሪጅ ጠመቃ ቤት ተዛውሮ ሥራውን ቀጠለ።

የቢራውና የቤቱ ርቀት ከሁሉ የሚያጥርባቸው በግቢያቸው የሚጠምቁ መጠጥ ቤቶች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ በኮርንዎል ሄልስተን ከተማ የሚገኘው፣ ስፒንጎ የተባለ ብርቱ ኤል የሚጠምቀው የሣር ክዳኑ ብሉ አንከር ነው። በመካከለኛው እንግሊዝ ብላክ ካንትሪ በተባለው አካባቢ፣ በብራይርሊ ሂል የባታምስ ጠመቃ ቤትና «በሬውና ፊኛው» የሚል ቅጽል ያወጡለት ቫይን ኢን ጎን ለጎን ናቸው።

በሼፊልድ በ1981 የተከፈተው ፋት ካት፣ ከየትኛውም ጠማቂ ጋር ሳይታሰር ከየአካባቢው ቢራ እያስመጣ መሸጡ ከተማዋን የሪል ኤል ጉዞ መድረሻ አድርጓታል። በከምብሪያ የሄስኬት ኒውማርኬት መንደር ሰዎች ደግሞ መጠጥ ቤታቸው ኦልድ ክራውን ከእጃቸው እንዳይወጣ በ2003 በኅብረት ሥራ ማኅበር ገዙት።

በ2005 ማርቲን ሂልየር በኬንት፣ በኸርን መንደር በአንድ የቀድሞ ሥጋ ቤት ውስጥ ቡቸርስ አርምስን ሲከፍት ማይክሮፐብ የሚባለው የቤት ዓይነት ተጀመረ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሙዚቃ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ እንግዶች ወደዱም ጠሉም ይነጋገራሉ። በርሜሎቹ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ከጠጪው ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቀው ይጋደማሉ፤ ባለቤቱ ብርጭቆውን ይዞ ይገባል፣ መቅጃውን ይከፍታል፣ ሞልቶ ይመለሳል። ጠጪው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የሚከፈተውም በርሜል ትንሽ ነው፤ ሲያልቅ ስሙ ከግድግዳው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጠፋና የሌላው ይጻፋል።