የሞተር ዘይት ዕድሜ ምንድን ነው? ቆሞ ለሚውል መኪናስ መቼ ይቀየራል?

ዘይት ባስቀየራችሁ ቁጥር መካኒኩ ቀጣዩን ኪሎ ሜትር ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጣችኋል። ብዙ ጊዜ የሚደምረው 5 ሺህ ነው። ደሴ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሚኒባስ ይህ ቁጥር በሳምንታት ውስጥ ይሞላል። ደሴ ሆጤ ሰፈር ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ለሚውል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ለሚወጣ የቤት መኪና ግን ሁለት ሦስት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ባለቤቱ ቆጣሪውን ያይና ገና ነው ብሎ ይተወዋል። ጋራዥ ሄዶ ቢጠይቅም «አብሽሩ ሐጂ፣ ሁለት ሺህም አልነዱት እኮ» ሊባል ይችላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ የማይነዳ መኪና ዘይት የሚያረጀው በኪሎ ሜትር አይደለም። በወርና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ በተነሳበት ቁጥር ነው። ለዚህ ነው ቆጣሪው ገና ሳይሄድ ዘይቱ አርጅቶ የሚገኘው።

የዘይት ዕድሜ ማለት ዘይቱ የገባበትን ሥራ በአግባቡ መሥራት የሚችልበት ጊዜ ነው። ሥራው ደግሞ ማለስለስ ብቻ አይደለም። ሙቀት ያሸጋግራል። ጥላሸትና ቆሻሻ ተንሳፍፎ እንዲቆይ አድርጎ ይይዛል። ብረት እንዳይዝግ ይሸፍናል። ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረውን አሲድ ያመክናል። ይህን ሁሉ ዘይቱ ብቻውን አይችለውም። ፋብሪካው የሚጨምርበት ኬሚካል አለ። ዋናው ዘይት ቶሎ አያልቅም፤ የሚያልቀው ያ ኬሚካል ነው። አሲዱን የሚያመክነው ነገር ሲያልቅ አሲዱ ወደ ብረቱ ይዞራል። ያን ጊዜ ዘይቱ መለኪያው ላይ ሙሉ ሊሆን ይችላል። መልኩም ደህና ሊመስል ይችላል። ዕድሜው ግን አልቋል።

ብዙ ሰው የማይገምተው ጠላት ውሃ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ማጋነን አይደለም። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ውሃ ነው። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በማርሚታ ይወጣል። በኅዳር ጠዋት ደሴ ላይ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን ዙሪያውን በሚያሽገው ቀለበት በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ያልተቃጠለ ቤንዚንም አብሮት ይወርዳል፤ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ብዙ ነዳጅ ነው የሚጠጣው።

ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ችግር የለም። ውሃውም ቤንዚኑም ከዘይቱ ላይ ይተናል። በመተንፈሻው ቱቦ ተስቦም ተመልሶ ይቃጠላል። ካልሞቀ ግን እዚያው ይቀራል። ውሃው ከጥላሸቱ ጋር ተቀላቅሎ ዝቃጭ ይሠራል፤ አሲዱንም ያግዘዋል። ቤንዚኑ ደግሞ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ነው። እሱ የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ እንጂ ዘይቱን አይደለም። ዘይት ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። መርፌው መሃል ላይ ሲቆም ዘይቱ ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። እንደ መኪናውና እንደ አየሩ ቢለያይም፣ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ የሚሆን እውነተኛ ጉዞ ያስፈልገዋል። ከሆጤ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሸዋ በር ለዚህ አይበቃም። መኪናው ወጣ፣ ቆመ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና ተነስቶ ተመለሰ። ኪሎ ሜትሩ ከቁጥር አይገባም። ዘይቱ ግን ሁለት ጊዜ ውሃና ቤንዚን ጠጥቷል።

ስለዚህ አንድ የሰፈር ልማድ በግልጽ ልቃወም። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ አስነስቶ አሥር ደቂቃ ማቆየት። «ሞተሩ እንዳይደርቅ፣ ባትሪው እንዳይሞት» ነው የሚባለው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ለመኪናው ግን አይበጅም። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሸክም ስለሌለው የሚሞቀው ቀስ ብሎ ነው። በዚያች አሥር ደቂቃ ወደ ዘይቱ የሚገባው ውሃና ቤንዚን ከሚወጣው ይበልጣል። ባትሪውም ቢበዛ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞቶሪኖ የወሰደበትን ቢመልስ ነው። ወይ አውጥታችሁ በደንብ ንዱት፣ ወይ አታስነሱት። የሚጎዳው መሃሉ ነው።

በደንብ መንዳት ለደሴ ሰው ቅርብ ነው፤ ኮምቦልቻ ደርሶ መመለስ ይበቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት። ይህ ሁሉ ልዩነት ያለው 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። በሐረጎ ቁልቁለት በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ሞተሩ ነዳጅ እምብዛም ስለማያቃጥል ብዙ አይሞቅም። ሥራውን የሚሠራው መልሱ ነው። ዳገቱን ስትወጡ ሞተሩ ሸክም ያገኛል፤ ዘይቱም እውነተኛ ሙቀት ያያል። አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በደንብ የሞቀ የሞተር ዘይት ደግሞ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ከፍታው ዘይቱ ውሃውን እንዲያባርር ያግዘዋል ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ለምትኖሩ ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ይዛችሁ ቀጥታ ዳገቱን በጋዝ አትጫኑት። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ለስለስ አድርጋችሁ ጥቂት ንዱና ከዚያ ውጡ።

በወር አንድ ሁለት ጊዜ እንዲህ ከተነዳ መኪናው ጤነኛ ነው። የነዳጅ ወረፋ ባለበት ሰሞን ይህ ቅንጦት እንደሚመስል ይገባኛል። ካልቻላችሁ ይቅር። በምትኩ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ቶሎ ማለት ስንት ነው? የመኪና መመሪያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አብሮ ይጽፋል፤ ኪሎ ሜትርና ወር። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ነው የሚሠራው። በእኛ አገር ልማድ ወሩ ይረሳል፤ ኪሎ ሜትሩ ብቻ ይቀራል። እኔ የምለው ይህን ነው። ብዙ ለማይነዳ መኪና ዘይት ከአንድ ዓመት አይለፍ፤ ቆጣሪው 500 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢልም ይቀየር። ጉዞው ሁሉ ከተማ ውስጥ አጭር አጭር ከሆነ ስድስት ወር ይሁን። መመሪያው ከዚህ ያጠረ ጊዜ ከሰጠ እሱን ተከተሉ። ዓመታዊውን መስከረም ላይ ብታደርጉት አይረሳም፤ የክረምቱ እርጥበትም ያልፋል።

ባለቤቱ ውጭ አገር ሊሄድ፣ መኪናውም ለወራት ሊቆም ከሆነስ? ብዙ ሰው «ስመለስ እቀይራለሁ» ይላል። ተቃራኒው ነው የሚሻለው። ያገለገለ ዘይት አሲድና እርጥበት ይዞ ነው የሚቆመው። ወራቱን ሙሉ ብረቱን ነክቶ ይቀመጣል። ከመቆሙ በፊት ቀይሩት፣ አዲሱ ዘይት በየቦታው እንዲዳረስ ጥቂት ንዱት፣ ከዚያ አቁሙት። ዓመት ሳይሞላ ከተመለሳችሁ ያው ዘይት ይሠራል። ካለፈ ቀይሩት።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ጣሳው ላይ 10 ደብሊው 40 ወይም 20 ደብሊው 50 የሚል አለ። ከደብሊው ጋር ያለው የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይነግራችኋል። ባነሰ ቁጥር በብርድ ይቀላል። የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ነው። የደሴ ብርድ ለሰው ከባድ ነው እንጂ ለዘይት ብርድ አይባልም። 10 ደብሊው ዘይት ሞተር የማዞር ፈተናውን የሚወስደው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ነው። 20 ደብሊው እንኳ ከዜሮ በታች 15 ላይ ነው። ስለዚህ ጦሳ ተራራ ሥር የቆመ መኪና በዘይት ምክንያት አልነሳም አይልም።

ጉዳዩ ሌላ ነው። ሞተር ለረጅም ጊዜ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይ የሚቀረው ስስ ሽፋን ነው። ስታስነሱት ፓምፑ እስኪያደርሰው ድረስ ላይኛው ክፍል በዚያ ስስ ሽፋን ነው የሚሠራው። አልፎ አልፎ የሚነሳ መኪና ላይ ይህች ቅጽበት ትልቅ ቦታ አላት። መመሪያው ከአንድ በላይ አማራጭ ከሰጠ እኔ የፊተኛው ቁጥር አነስ ያለውን እመርጣለሁ። «ወፍራም ይሻላል» የሚለውን ምክር ለዚህ መኪና አልቀበልም። ለሚያጨስ አሮጌ ሞተር 50 ሲታዘዝ ጭሱ ይቀንስ ይሆናል፤ ያለቀውን ፋሻ ግን አይጠግነውም።

ሲንቴቲክ የሚባለው፣ በፋብሪካ በኬሚካል ተቀናብሮ የሚሠራው ዘይትስ? ጥሩ ዘይት ነው። ሙቀትና አየር ቶሎ አያበላሹትም። ነገር ግን ውሃና ቤንዚን ሲገባበት እሱም እንደ ሌላው ይበከላል። ውድ ዘይት ገዝቶ ሦስት ዓመት ማቆየት ገንዘብ ማባከን ነው። በዚያው ብር ሚኒራሉን፣ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራውን ተራውን ዘይት፣ በየዓመቱ መቀየር ይሻላል፤ መመሪያው ሲንቴቲክ የግድ ካላለ በስተቀር።

ከቁጥሩ ሌላ የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) የደረጃ ፊደሎች አሉ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍታ ነው። ለቤንዚን ኤስኤን በፈረንጆች 2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ደረጃዎች ናቸው። ለቤንዚን መኪና የኋለኛው የቀደመውን ይተካል። መካኒኩ ቁጥሩን ብቻ ጠይቆ ሲያመጣላችሁ ፊደሉንም እዩ።

ቮልስ ያላችሁ ለብቻ ስሙኝ። የድሮዋ ቮልስ የምትይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው። እውነተኛ ፊልትሮም የላትም፤ ያላት ወንፊት ነው። በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች ዘይቱ የማቀዝቀዝ ሥራም በደንብ አለበት። ያች ትንሽ ዘይት ያን ሁሉ ቆሻሻ ብቻዋን ነው የምትሸከመው። ለእሷ ስድስት ወር ብዬ አልደራደርም።

የራሳችሁን መኪና ዛሬውኑ ማየት ትችላላችሁ። ኮፈኑን ክፈቱ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ገልብጡት። ውስጡ ላይ የማኪያቶ አረፋ የሚመስል ቅባት ካያችሁ ውሃ አለ። አትደንግጡ። የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለና መኪናው አጭር አጭር ብቻ የሚነዳ ከሆነ፣ የአጭር ጉዞ እርጥበት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀይሩት፣ በደንብ ንዱት፣ ደግማችሁ እዩ። ውሃው እየጎደለ ከሆነ ወይም መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ነጣ ካለ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ከሥሩ የሚታሸግበት ማሸጊያ፣ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳትነዱት መካኒክ ጥሩ። ቀጥሎ መለኪያውን ምዘዙና አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ፣ ወይም ማንም ሳይጨምርበት ከነበረበት ከፍ ካለ፣ ወሩን አትጠብቁ። ጥቁር መሆኑ ብቻውን ግን አያስፈራም፤ ቆሻሻውን ይዞ ነው የጠቆረው።

ዘይት ሲቀየር ፊልትሮው አብሮ ይቀየር። «ይህኛው ገና አዲስ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ውስጡ ግን አሮጌ ዘይት ይዟል፣ ያም ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ጥሩ ፊልትሮ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚያግድ ጎማ አለው። ጎማው ሲደርቅ ዘይቱን አይይዝም። ብዙ ለሚቆም መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስትገዙ ጣሳው ወይም ጀሪካኑ ያልተከፈተ፣ ማሸጊያው ያልተነካ ይሁን። ከበርሜል የሚቀዳውን ለዚህ መኪና አልመክርም፤ ምን እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። የተረፈውን አጥብቃችሁ ክደኑና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ መለኪያው ዝቅ ሲል መጨመሪያ ይሆናችኋል።

ዘይቱ የሚፈሰው ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ነው፤ ዝቃጩ አብሮ ይወጣል። የወጣውን በባዶው ጀሪካን መልሳችሁ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ቦርከና ወንዝ ይገባል።