የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት በውጭ ግንኙነት ላይ ያለው ድርሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን፣ በካይሮ ወይም በአስመራ የውጭ ግንኙነትን የሚመራው ፕሬዚዳንቱ ነው። በአዲስ አበባ ግን እንዲያ አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው ውሳኔውን ማን እንደሰጠ አያውቅም፤ ማንን መጠየቅ እንዳለበትም ይስታል።

«የውጭ ፖሊሲውን የሚቀርጸው ፕሬዚዳንቱ ነው»

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 77 መሠረት የውጭ ፖሊሲ የሚነድፈው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አፈጻጸሙን በበላይነት የሚቆጣጠረው ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው (አንቀጽ 74)። የፕሬዚዳንቱን ተግባራት በሚዘረዝረው አንቀጽ 71 ውስጥ ፖሊሲ ማውጣት የሚባል ነገር የለም።

ስሕተቱ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ከ1980 ጀምሮ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ከ1983 እስከ 1987 ደግሞ የሽግግር መንግሥቱ መሪ መለስ ዜናዊ «ፕሬዚዳንት» ተብለው አገር መርተዋል። በ1987 ማብቂያ ላይ አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውል ሥልጣኑ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዞረ፤ የፕሬዚዳንቱን ቦታ የያዙት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በቀድሞዎቹ ልክ የመወሰን ሥልጣን አልነበራቸውም። ማረጋገጫው በስምምነቶች ግርጌ ያለው ፊርማ ነው። የኢትዮ-ኤርትራን ጦርነት ያበቃውን የአልጀርስ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ከኢሳያስ አፈወርቂ ጋር የፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ናቸው። በመጋቢት 2007 በካርቱም የሕዳሴ ግድቡ የመርሆዎች ስምምነት ሲፈረም ከግብፅም ከሱዳንም ፕሬዚዳንቶች ቀርበው ነበር፤ ከኢትዮጵያ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ፈረሙ። በሐምሌ 2010 በአስመራ ከኤርትራ ጋር በተፈረመው የሰላም መግለጫ ላይም የኢትዮጵያን ፊርማ ያኖሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ነበሩ።

«አምባሳደሮችን የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱ ነው»

ፕሬዚዳንቱ ይሾማል እንጂ አይመርጥም። ሕጉ የሚለው «በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት» ነው። ሹመት በዜና ተነግሮ አምባሳደሩ ወራት ቢቆይም የግድ ችግር ተፈጠረ ማለት አይደለም፤ ሒደቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያ የተቀባዩ አገር ይሁንታ በምስጢር ይጠየቃል። ያ አገር እምቢ ቢል ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም፤ በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የዲፕሎማሲ ግንኙነቶች የቪየና ኮንቬንሽን አንቀጽ 4 በግልጽ ያስቀመጠው ነው። ይሁንታው ሲገኝ ከርእሰ ብሔር ወደ ርእሰ ብሔር የሚጻፍ የሹመት ደብዳቤ ይዘጋጃል፤ የቀድሞው አምባሳደር መጠራቱን የሚገልጽ ደብዳቤም አብሮት ይሄዳል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ይሁንታው ሳይመጣ ስሙ አደባባይ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ጥያቄው ውድቅ ቢሆን ሁለቱም መንግሥታት ያፍራሉ።

«አዲስ አምባሳደር በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ደብዳቤውን እስኪያቀርብ ሥራ አይጀምርም»

ይህ እንደ ተቀባዩ አገር ልማድ የሚወሰን ነው። ኮንቬንሽኑ ሁለት መንገድ ይፈቅዳል፦ ዋናውን ደብዳቤ ማቅረብ፣ ወይም መድረስን አሳውቆ ትክክለኛ ቅጂውን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መስጠት። ከአምባሳደር ዝቅ ያለ የኤምባሲ መሪ፣ ማለትም ጉዳይ ፈጻሚ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚላከው ለርእሰ ብሔሩ ሳይሆን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስለሆነ ከፕሬዚዳንቱ ፊት አይቀርብም። ስለዚህ አንድ አገር አምባሳደሩን አንሥቶ በጉዳይ ፈጻሚ ሲወከል የግንኙነቱ ደረጃ ዝቅ ማለቱን ልብ በሉ።

«ስምምነት ከተፈረመ አበቃ፤ ካላበቃም ፕሬዚዳንቱ ሊያግደው ይችላል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። አስፈጻሚው የተፈራረመውን ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 55)። የናይል የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ጥሩ ማሳያ ነው፦ ኢትዮጵያ በግንቦት 2002 በኢንቴቤ ፈረመች፤ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ግን በሰኔ 2005 ነው። በሥራ ላይ ለመዋል ደግሞ ስድስት አገሮች የማጽደቂያ ሰነዳቸውን ማስገባት ነበረባቸውና እስከ ጥቅምት 2017 ጠበቀ። ከፊርማ እስከ ተፈጻሚነት ከ14 ዓመት በላይ ማለት ነው።

የፕሬዚዳንቱ ድርሻ የጸደቀውን በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ ነው። ለሕጎች አንቀጽ 57 የ15 ቀን ገደብ አስቀምጧል፤ ፕሬዚዳንቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባይፈርም ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። ጦርነት ማወጅም የእሱ አይደለም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ ያቀርባል፣ ተወካዮች ምክር ቤት ያውጃል።

«እንግዲያው ፕሬዚዳንቱ ለጌጥ ነው የተቀመጠው»

ይህኛው ከሁሉም የባሰ ስሕተት ይመስለኛል። ከ2006 ወዲህ የተመረጡትን ተመልከቱ። ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ሲመረጡ በቱርክ አምባሳደር ነበሩ። ሣህለወርቅ ዘውዴ በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል፤ በተባበሩት መንግሥታትም ከፍተኛ ኃላፊነት ይዘው ነበር። ታዬ አጽቀ ሥላሴ በመስከረም 2017 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ነው የመጡት። ሦስቱም ዲፕሎማቶች ናቸው።

አቋም የማይነድፍ ርእሰ ብሔር አቋሙን ያደርሳል፤ ሌላ ርእሰ ብሔር ሲቀበል ወይም አገሩን በበዓለ ሲመትና በቀብር ሥነ ሥርዓት ሲወክል በዳር የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ ከመድረኩ ንግግር ይበልጣል። በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሁለቱን ምክር ቤቶች ሲከፍት የሚያሰማውን ንግግርም በአዲስ አበባ ያሉ ኤምባሲዎች በጥሞና ያዳምጡታል፤ የመንግሥቱ የዓመቱ አቅጣጫ የሚነገርበት ነውና። ንግግሩ ላይ የምክር ቤት አባላት ጥያቄ ሲያነሡ ግን መልስ የሚሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።