ካርታው ላይ የትኛው ከተማ ይጻፍ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካርታ የሚሠራው ኮምፒውተር ከተሞቹን በሕዝብ ብዛት ደርድሮ ከላይ ያሉትን ይጽፋል።»

ቢያደርገው ካርታው አያምርም። ምሥራቅ ቻይናና ሰሜን ሕንድ በስም ይታፈናሉ፤ መካከለኛው አውስትራሊያ ባዶውን ይቀራል። ዮኮሃማ 3.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ አላት። ግን ቶኪዮ አጠገቧ ናት፤ ስለዚህ በዓለም ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ ስሟ ይዘለላል። በመካከለኛው አውስትራሊያ ያለችው የአሊስ ስፕሪንግስ ነዋሪ ደግሞ 30 ሺህ አይሞላም። እሷ ግን ትጻፋለች። ለምን? ከእሷ የሚበልጥ ከተማ ለማግኘት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አለብዎት።

እንግዲህ የሚሻለው መለኪያ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ከተማ፣ የሚበልጠው ቅርቡ ከተማ ምን ያህል ይርቃል? በዚህ ርቀት ሲደረደሩ ስሞቹ በካርታው ላይ ተበትነው ይወጣሉ። ለአገር ዋና ከተሞች በደረጃው ላይ ትንሽ ብልጫ መስጠትም ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ በሲድኒ ጥላ ሥር ትጠፋለች።

«የሕዝብ ብዛት አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ነው።»

የት ድረስ ቆጠሩ? የቻይናዋ ቾንግቺንግ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የአስተዳደር ክልሉ ኦስትሪያን የሚያህል ሲሆን አብዛኛው ገጠር ነው። ዳታው የከተማውን ወሰን ይሁን የአካባቢውን ሁሉ ሳያጣሩ መደርደር ጣጣ አለው።

«ባዶ ቦታ ካለ ስም ይሞላበት።»

አይሞላም። በረሃው በረሃ መምሰል አለበት።

«ኮምፒውተር ስለሆነ ምርጡን አቀማመጥ ያገኛል።»

50 ከተሞች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ስም ከተማውን ከሚያሳየው ነጥብ ዙሪያ በአራት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። አማራጮቹ ባለ31 አሃዝ ቁጥር ይሆናሉ! ለትልቅ ካርታ ሁልጊዜ ምርጡን በፍጥነት የሚያገኝ ዘዴ አይታወቅም። ስለዚህ ብዙ ፕሮግራሞች አቋራጭ ይጠቀማሉ፦ በድርድሩ ቀዳሚ የሆነውን ከተማ መጀመሪያ ያስቀምጣሉ፣ ከተጻፈው ጋር የሚጋጨውን ይጥላሉ። ለዚህም ነው የከተሞቹ ቅደም ተከተል ከአልጎሪዝሙ (ፕሮግራሙ ከሚከተለው የስሌት ዘዴ) ብልጠት በላይ ውጤቱን የሚወስነው።

«ዙም በተደረገ ቁጥር እንደ አዲስ ይመረጥ።»

ያኔ የታየው ስም ጠጋ ሲሉ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ያናድዳል። የሚሻለው ለእያንዳንዱ ከተማ የሚታይበትን የዙም ደረጃ አስቀድሞ መስጠት ነው። ናቹራል ኧርዝ የተባለው ነፃ የካርታ ዳታ ይህን ደረጃ ለከተሞቹ ሰጥቶ ያቀርባል፤ ከባዶ ከመጀመር በእሱ ላይ ማስተካከል ይቀላል።