«ሰዎቹ ዘመድ የላቸውም እንዴ?»

ባለፈው ወር ዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ለመንኩ። ትርፍ ፍራሽና ብርድ ልብስ ያለው ሰው እንዲሰጠን። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ እዚሁ ጅማ፣ ኮጪ ውስጥ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተከራይተናል። ከማረሚያ ቤት የወጡ ሰዎች እግራቸውን እስኪተክሉ ለጥቂት ወራት ያርፉበታል። ተናግሬ ሳልጨርስ አንድ የማከብራቸው አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ሰዎቹ ዘመድ የላቸውም እንዴ?» አሉ። ግማሹ ተሰብሳቢ ልክ ናቸው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ይህን ጥያቄ ባጃጅ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ። ለትብብር የሄድኩበት ቢሮም ጠይቆኛል። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ መልሱን ልጻፈው፤ ስለ እስረኞችና ስለ ቤታችን የምሰማቸውን ሌሎች አባባሎችም አብሬ።

በትንንሾቹ ልጀምር።

«ይቅርታ፣ ምሕረትና አመክሮ ያው ናቸው።» አይደሉም። ምሕረት ጥፋተኝነቱን ራሱን ያጠፋል። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል፤ ፍርዱ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል። አመክሮ ደግሞ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የታሰረ፣ ፍርድ ቤት ሲፈቅድለት በገደብ የሚወጣበት ነው።

«ነጻ ሆቴል ነው የከፈታችሁት።» እኛ ቤት ሁሉም በተራ ያበስላል፣ ሥራ ያገኘ ያዋጣል፣ በሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይዘጋል። «የፈረንጅ ቅንጦት» የሚሉም አሉ። አሜሪካ የፌዴራል እስረኛ የመጨረሻዎቹን እስከ 12 ወራት እንዲህ ባለ ቤት ሊያሳልፍ ይችላል። ግን መውጫ መግቢያው ይመዘገባል፣ ሥራ እንዲይዝ ይጠበቃል። ከገቢው 25 በመቶ እንዲከፍል የሚያዝ ደንብም ለዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው ዴላንሲ ስትሪት የሚባል ቤት ደግሞ የገባውን ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። ነዋሪዎቹ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ራሳቸው ያንቀሳቅሳሉ። ቅንጦት የሚባል ነገር አላየሁበትም።

«አንዴ የታሰረ ዕድሜ ልኩን ወንጀለኛ ነው።» ሕጉ እንኳ እንዲህ አይልም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚባል ነገር አለ። ጽኑ እስራት የጨረሰ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት፣ ሌላው 2 ዓመት ካለፈው፣ ጠባዩ መልካም ከሆነና የበደለውን እንደ አቅሙ ከካሰ፣ ፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ሊሰረዝለት ይችላል። ከዚያ በኋላ በክፋት የድሮውን እያነሳ የሚያዋርደው ሰው ክብርን በመንካት ሊጠየቅ ይችላል። «እውነት እኮ ነው» ብሎ መከራከርም አያድነውም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እስሩን ጨርሰው የወጡትም አያውቁም፤ ለእኔ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ቤተሰብ አለው፣ ቤቱ ይግባ።»

ዘመድ አይጥልም ብለን እናምናለን። እኔም አምናለሁ። ለዓመታት ስንቅ ይዛ የተመላለሰች እናት አይቻለሁ። ግን እሁድ እሁድ መጠየቅ ሌላ ነው፣ አብሮ መኖር ሌላ።

አንድ ሰው ልንገራችሁ። ከአጋሮ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ 11 ዓመት ታስሯል። የወጣ ዕለት ቀጥታ እናቱ ዘንድ ሄደ። አለቀሰች፣ አበላችው፣ ከዚያ «ሳይነጋ ሂድ» አለችው። የሟች ወንድሞች ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት። ጉማ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ አልተከፈለም፤ ሽማግሌ አልተቀመጠም። የመንግሥቱ ቅጣት አልቋል፤ የሰፈሩ ቂም ግን አላለቀም። ሌላም ነገር አለ። የእሱን ቡና 11 ዓመት ሙሉ የለቀመው ታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድሙ ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹን ያሳደገው በዚያ ቡና ነው። አሁን የቡናው ባለቤት ሲመጣ ምን ይሁን?

በማግስቱ ሰውየው ጅማ ተመልሶ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ። ከተማው ውስጥ የሚያውቀው ሌላ ቦታ አልነበረም። አንድ ጠባቂ አዝኖለት ደወለልን። እኛ ዘንድ አምስት ወር ቆየ። ቀን ቡና መጋዘን ጆንያ ይሸከማል፣ ማታ ይተኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይመላለሱ ነበር። ጉማው ተቆረጠ፣ ከተሸከመበትም ጨምሮ ከፈለ። የቡናው ነገርም ከወንድሙ ጋር እዚያው ተነጋገሩበት፣ እኩል ተካፈሉ። አገሩ የገባው በሽማግሌዎች ታጅቦ ነው። እነዚያን አምስት ወራት የሚያድርበት ባያገኝ ኖሮ ወይ ይሞት ነበር፣ ወይ ሌላ ሰው ይሞት ነበር።

የሴቶቹ ይብሳል። አንዲት እናት ስትታሰር ልጇ የሁለት ዓመት ነበረች። ስትወጣ ባሏ ሌላ አግብቷል፤ ልጅቷ እማ የምትለው የእንጀራ እናቷን ነው። ዘመድ አላት? አላት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአራት ልጆች ጋር የምትኖር ታናሽ እህት። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1845 ከእስር ለሚወጡ ሴቶች ማረፊያ የከፈቱ ሰዎች ይህ ገብቷቸው ነበር።

ደግሞ ሁሉም ይግባ አልልም። ቤቱም ሥራውም የሚጠብቀው ሰው ቤቱ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የፈተሸ ጥናት ነበር። ወደ ወንጀል የመመለስ ስጋታቸው ከፍ ያለው ሰዎች ሲጠቀሙ፣ ስጋታቸው ዝቅ ያለው ግን እንዲያውም ተጎዱ። ሥራቸውና ቤተሰባቸው ይቋረጣል፣ ከባሰው ጋርም ይውላሉ። «ቀላል ጥፋት የሠራ ብቻ ተቀበሉ» ለሚሉን ሁልጊዜ ይህንን እነግራቸዋለሁ። ቤቱ የሚያስፈልገው ስጋቱ ከፍ ላለው ነው።

«ሙያ ተምሯል፣ ሠርቶ ይብላ» የሚሉም አሉ። እንጨት ሥራ ተምሮ ይወጣል። ጅማ የበርጩማ አገር ናት፣ እጁ አይቦዝንም። ግን አሠሪው መጀመሪያ ተያዥ ይላል። ቀጥሎ መታወቂያ። የቀበሌ መታወቂያው እስር ላይ እያለ ጊዜው አልፏል። ለማደስ የቤት ቁጥር ይጠየቃል፣ ቤት ደግሞ የለውም። የእኛ ቤት ትልቁ ጥቅም አንዳንዴ ፍራሹ ሳይሆን አድራሻው ነው።

ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው ካላችሁ፣ ከአሁኑ ጀምሩ። የተበደለው ቤተሰብ ዘንድ ሽማግሌ ላኩ፤ ከወጣ በኋላ መላክ ረፍዷል። መሬቱን ወይም ቤቱን የያዘው ማን እንደሆነ ሳይወጣ ተነጋገሩ። በር ላይ የሚቀበለው ሰው ይኑር። የተፈታበትን ወረቀት ኮፒ አድርጉ። በግ አርዳችሁ ሰፈሩን አትጥሩ፤ የሟች እናት ጭሱን ታየዋለች።

ዕድሩን የጠየቅኩትንም አልተውኩም። አሁን ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው አለ፣ ፍራሽ ግን አራት ነው። በሚቀጥለው ወር ሁለት ሰዎች ይጨመራሉ።